የቴስት ሰርቨር ኮንፊግ በአፓቺ ቴስት ማመንጨት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ላፕቶፕ ይዘን የምንሰበሰብ ጥቂት ሰዎች ነን። አንዱ ፖሊ ግቢ ይማራል፣ አንዷ ለጀልባ ባለቤቶች ድረ ገጽ ትሰራለች፣ ሌሎቻችን ሰርቨር እንጠብቃለን። ቡና እየጠጣን የከበደንን እናወጣለን። ባለፉት ወራት በብዛት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ አፓቺ ቴስት የሚያስነሳው ሰርቨር ኮንፊጉን (የቅንብር ፋይሉን) ከየት ነው የሚያመጣው፣ እኔ የምፈልገውንስ የት ልጻፍ? ደጋግሜ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

የፋይልና የትዕዛዝ ስሞችን እንደ አነባበባቸው ጽፌያለሁ። ተርሚናል ላይ የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። «ዶት» ያልኩት ነጥብ ነው፤ «ሰረዝ» ያልኩት ከአማራጩ ስም ፊት የምትገባዋ አጭር መስመር ናት።

አፓቺ ቴስት ምንድን ነው? ሰርቨር እያለኝ ሌላ ሰርቨር ለምን ያስነሳል?

አፓቺ ቴስት በፐርል የተጻፈ የቴስት ፍሬምወርክ ነው። የአፓቺ የድረ ገጽ ሰርቨርንና የሞድ ፐርልን (ፐርልን አፓቺ ውስጥ የሚያስኬደውን) ሞጁሎች፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍሎች፣ የሚጽፉ ሰዎች ስራቸውን የሚፈትሹበት ነው። ስራው ሲታይ ቀላል ነው። ለቴስት ብቻ የሚሆን ኮንፊግ ይጽፋል፣ በዚያ ኮንፊግ ሰርቨር ያስነሳል፣ ቴስቶቹን ያስኬዳል፣ ሰርቨሩን ይዘጋል።

ሌላ ሰርቨር የሚያስነሳው ሰው እየተጠቀመበት ያለውን እንዳይነካ ነው። የቴስቱ ሰርቨር የራሱ ፎልደር፣ የራሱ ፖርት (ጥያቄ የሚቀበልበት ቁጥር)፣ የራሱ ሎግ (የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) አለው። እሱን ብታበላሹት ደንበኛ አይጮህም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሁሉም ነገር እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ስለሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ጥያቄው ከላፕቶፑ ወጥቶ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ይመለሳል። ኔት ቢጠፋ ስራው ይቀጥላል፤ መብራት ቢሄድም ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ። ባሕር ዳር ተቀምጦ ለሚሰራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ኮንፊጉ ከየት ነው የሚመጣው?

ከሦስት ቦታ። ይሄን አንዴ ከያዛችሁት ከታች ያሉት ግማሾቹ ጥያቄዎች በራሳቸው ይፈታሉ።

አንደኛው ፍሬምወርኩ ውስጥ ያለው መነሻ ቴምፕሌት፣ ማለትም ኮንፊጉ የሚጻፍበት ንድፍ ነው። የሰርቨሩ ፎልደር የት ነው፣ በየትኛው ፖርት ይሰማል፣ ስህተቱን የት ይጽፋል፣ እነዚህን የያዘ ነው።

ሁለተኛው ማሽናችሁ ላይ የተጫነው አፓቺ ዋና ኮንፊግ ነው። ፍሬምወርኩ ያንን ፋይል ያነብና ጥቂት ነገር ብቻ ይወርሳል። ዋነኛው ሎድ ሞጁል የሚሉት መስመሮች ናቸው፤ ማለትም የትኞቹ ሞጁሎች እንደሚጫኑና ፋይላቸው የት እንዳለ። የፋይል ዓይነቶችን ዝርዝር የሚጠቁመውንም ይወስዳል። ሁሉንም ግን አይወስድም፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው እናንተ የምትጽፉት ነው። ቲ የሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ኮንፍ የሚለው ፎልደር ስር፣ ኤክስትራ ዶት ኮንፍ ዶት ኢን የሚባል ፋይል። «ኢን» ብሎ መጨረሱ ጥሬ እቃ መሆኑን ይናገራል። ፍሬምወርኩ እሱን አንብቦ ኤክስትራ ዶት ኮንፍ የሚባለውን ይጽፋል፣ ከዚያ ከዋናው ኮንፊግ ጋር ያያይዘዋል።

ሦስቱ ተደምረው ቲ፣ ከዚያ ኮንፍ ውስጥ ኤችቲቲፒዲ ዶት ኮንፍ ሆነው ይወጣሉ። ሰርቨሩ የሚነሳው በዚህ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ኮንፊጉን እንዴት ነው ጄኔሬት የማደርገው (የማመነጨው)?

ፕሮጀክታችሁ ሜክፋይል ዶት ፒኤል (ፕሮጀክቱን የሚያዘጋጀው የፐርል ስክሪፕት) ካለው፣ እሱን በፐርል ስታስኬዱ አፓቺ የት እንዳለ ንገሩት። ሰረዝ ኤችቲቲፒዲ ብላችሁ የሰርቨሩን ፕሮግራም ሙሉ መንገድ ትሰጡታላችሁ፤ ወይም ሰረዝ ኤፒኤክስኤስ ብላችሁ ኤፒኤክስኤስ የሚባለውን፣ የአፓቺ ሞጁል የሚገነባበትን መሳሪያ መንገድ። ኡቡንቱ ላይ ሰርቨሩ አፓቺ2 ነው የሚባለው። ኤችቲቲፒዲ የሚል ፋይል ፈልጋችሁ ብታጡ አትደንግጡ። ኤፒኤክስኤስን የምታገኙት ደግሞ አፓቺ2 ዴቭ የሚባለውን ፓኬጅ ስትጭኑ ነው።

ከዚያ ሜክ ቴስት። በቃ፣ ኮንፊጉም ይጻፋል፣ ሰርቨሩም ይነሳል፣ ቴስቱም ይሄዳል።

እኔ ግን ለጀማሪ ደረጃ በደረጃ ቢሄድ እመርጣለሁ። ቲ ፎልደር ውስጥ ስሙ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ቴስት የሚባል ስክሪፕት ታገኛላችሁ። እሱን በሰረዝ ኮንፊገር ስትጠሩት ኮንፊጉን ብቻ ይጽፋል፣ ቴስት አያስኬድም። እዚህ ላይ ቁሙና የተጻፈውን ፋይል ከፍታችሁ ከላይ እስከ ታች አንብቡት። አስር ደቂቃ ይፈጃል፣ በኋላ ግን ቀናት ያተርፍላችኋል። ከዚያ ሰረዝ ስታርት ሰረዝ ኤችቲቲፒዲ ሰርቨሩን ያስነሳል፣ ሰረዝ ራን ሰረዝ ቴስትስ ፈተናውን ያስኬዳል፣ ሰረዝ ስቶፕ ሰረዝ ኤችቲቲፒዲ ይዘጋል። እንዲህ ለያይታችሁ ስታስኬዱት ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ኮንፊጉ ላይ ነው? ሰርቨሩ መነሳት ላይ ነው? ወይስ ቴስቱ ራሱ?

ጄኔሬት የተደረገውን ፋይል በእጄ ባርመው ምን ችግር አለው?

ችግር አለው። ይሄን ገጽ የጻፍኩት ከሁሉ በላይ ለዚህ ጥያቄ ነው።

ፋይሉን ስትከፍቱት ገና ከላዩ ማስጠንቀቂያ አለው፤ በፕሮግራም የተጻፈ ነው፣ አትንኩት ይላል። ሰው ግን ቸኩሎ ያልፈዋል። አንድ መስመር ቢጨምር ይሰራል፣ ደስ ይለዋል፣ ይቀጥላል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ፍሬምወርኩ ያንን ፋይል እንደገና የሚጽፍባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ከቴምፕሌቶቹ አንዱ ከተነካ ይጽፈዋል። የአፓቺው ፕሮግራም ከኮንፊጉ የቀረበ ቀን ካለው ይጽፈዋል። ፖርት ምረጥልኝ ካላችሁት ይጽፈዋል። ሰረዝ ክሊን ካላችሁ ደግሞ ያጠፋዋል።

ከዓመታት በፊት የሰራሁበት አንድ ቢሮ ውስጥ ይሄ ደርሶብናል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች የቴስቱን ኮንፊግ በቀጥታ እያረሙ ለወራት ሰርተውበት ነበር። ምን እንደጨመሩ የጻፈ የለም። አንድ ጠዋት ሰርቨሩ ላይ የአፓቺ ማሻሻያ ተጫነ። ከሰዓት በኋላ ቴስቱን ስናስኬድ ፍሬምወርኩ አዲሱን ፕሮግራም አየ፣ ኮንፊጉ አርጅቷል አለ፣ እንደገና ጻፈው። የወራት እርማት በአንዲት ሰከንድ ሄደ። ከሰላሳ በላይ ቴስት ቀይ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ የወደቀውን ቴስት አንድ በአንድ እያየን፣ «ይሄ ምን ፈልጎ ነው የወደቀው?» እያልን፣ የጠፋውን መስመር ከቴስቱ ወደ ኋላ እየገመትን መለስነው። ያኔ የመለስነውን ሁሉ ያስገባነው ኤክስትራ ዶት ኮንፍ ዶት ኢን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልጠፋም።

ዘጌ መንገድ ላይ ወይም ከተማው ዳር ታንኳ የሚሰራ ሰው ካያችሁ ነገሩ ግልጽ ይሆንላችኋል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ሲከብድ ባለሙያው አዲስ ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ ሌላ ያስራል። ሙያው እጁ ላይ ስላለ አሮጌው ታንኳ ቢቀር አይቆጨውም። ኮንፊጉንም እንደዚያ ያዙት። በማንኛውም ሰዓት አጥፍታችሁ በአንድ ትዕዛዝ መልሳችሁ የምታገኙት ካልሆነ፣ የሆነ ነገር በእጅ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ፈልጋችሁ ወደ ቴምፕሌቱ አውጡት።

እሺ፣ የራሴን መመሪያ ቴምፕሌቱ ውስጥ እንዴት ልጻፍ?

እንደ ተራ የአፓቺ ኮንፊግ ነው የምትጽፉት። ልዩነቱ ከማሽን ማሽን የሚለያየውን ነገር በቀጥታ አትጽፉም። በእሱ ፋንታ የተለዋዋጩን ስም በሁለት @ ምልክት መሃል ታስገባላችሁ። ሰርቨር ሩት፣ ዶክዩመንት ሩት፣ ሰርቨር ኔም፣ ፖርት እነዚህ ሁሉ አሉ። ጄኔሬት ሲደረግ ፍሬምወርኩ ምልክቱን ከነስሙ ያነሳና የዚያን ማሽን ትክክለኛ ዋጋ ይተካበታል።

በቅርብ የሰራነውን ላሳያችሁ። የጀልባ ድረ ገጽ የምትሰራው ልጅ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጀልባዎችን መነሻ ሰዓት የሚያወጣ ገጽ አላት። ገጹ ያለው ቲ ውስጥ፣ ጀልባ የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። መጀመሪያ ኤሊያስ የሚለውን መመሪያ (የድረ ገጽ አድራሻን ከፎልደር ጋር የሚያገናኘውን) ስትጽፍ የራሷን ሆም ፎልደር ሙሉ መንገድ አስገብታ ነበር፣ ከነተጠቃሚ ስሟ። እሷ ጋ ሰራ። እኔ ስከፍተው 404፣ ማለትም ገጹ አልተገኘም። ያስተካከልነው ሙሉ መንገዱን አጥፍተን በ@ ምልክቶች መሃል ሰርቨር ሩት ብለን፣ ከዚያ እዝባር፣ ከዚያ የፎልደሩን ስም በመጻፍ ነው። ሰርቨር ሩት የሚያመለክተው ቲ ፎልደርን ስለሆነ ማን ላፕቶፕ ላይ ቢሄድ ቦታውን ያገኛል። ከስሩ ዳይሬክተሪ የሚል ክፍል ጨምረን ፈቃዱን ሰጠን። አምስት መስመር አይሞላም። እኔ ጋም፣ ፖሊ ግቢ ካለው ልጅ ጋም በዚያው ቀን ሄደ።

ዋናው ሰርቨር ላይ የሚከፈተው ገጽ ቴስቱ ላይ 404 ይላል። ለምን?

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው። ፍሬምወርኩ ከዋናው ኮንፊግ ሞጁሎቹን ይወርሳል እንጂ ኤሊያሱን፣ ቨርቹዋል ሆስቱን (በአንድ ሰርቨር ላይ ከአንድ በላይ ድረ ገጽ የሚያስቀምጠውን)፣ የዳይሬክተሪ ፈቃዱን አይወርስም። ሆን ተብሎ ነው። የማሽናችሁ የግል ቅንብር ቴስቱ ውስጥ ቢገባ ቴስቱ እናንተ ጋ ብቻ የሚያልፍ ይሆን ነበር። የምትፈልጉትን ወደ ኤክስትራ ዶት ኮንፍ ዶት ኢን አምጡት።

እኔ ጋ ያልፋል፣ ጓደኛዬ ጋ ይወድቃል።

በቀጥታ የተጻፈ መንገድ ካልሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞጁል ነው። ሞጁሎቹ ከየማሽኑ ኮንፊግ ስለሚወረሱ፣ እናንተ ጋ የበራው እሱ ጋ ላይበራ ይችላል። ሁለት ነገር አድርጉ። ቴምፕሌቱ ውስጥ የዚያን ሞጁል መመሪያዎች ኢፍ ሞጁል በሚለው ክፍል ውስጥ አስገቧቸው፤ ሞጁሉ ከሌለ ሰርቨሩ ዘሏቸው ይነሳል። ቴስቱ ፋይል ላይ ደግሞ ስንት ቴስት እንዳለ በምትናገሩበት መስመር ላይ ኒድ ሞጁል ብላችሁ የሞጁሉን ስም ጨምሩ። ያኔ ቴስቱ ከመውደቅ ፋንታ ምክንያቱን ተናግሮ ይዘለላል።

ይሄን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይተወዋል። እባካችሁ አትተዉት። በሌለ ሞጁል የወደቀ ቴስት ሰውን ያልተበላሸ ኮድ ሲፈትሽ ያውለዋል።

ፖርት 8529 ምንድን ነው? ሌላ ነገር ይዞት ከሆነስ?

8529 ፍሬምወርኩ ካልተነገረው በስተቀር የሚጠቀምበት ፖርት ነው። ከ1024 በላይ ስለሆነ ሩት (የማሽኑ ባለ ሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ) መሆን ሳያስፈልግ ይከፈታል።

ሌላ ፕሮግራም ከያዘው፣ ወይም ባለፈው ያስነሳችሁት የቴስት ሰርቨር ሳይዘጋ ከቀረ፣ አድራሻው ተይዟል የሚል ስህተት ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ሰረዝ ስቶፕ ሰረዝ ኤችቲቲፒዲ ብላችሁ የቀረውን ዝጉ። የእውነት የሌላ ፕሮግራም ከሆነ ሰረዝ ፖርት ብላችሁ ሌላ ቁጥር ስጡት። ከቁጥር ፋንታ ሴሌክት ብትሉት ደግሞ ነጻ የሆነ ፖርት ራሱ ይፈልጋል። በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ሰው የሚሰራ ከሆነ፣ ለምሳሌ የጋራ ሰርቨር ላይ እንደሚሰሩ ተማሪዎች፣ ሴሌክት ከጭቅጭቅ ያድናል። በየጊዜው መጻፍ ካልፈለጋችሁ አፓቺ ቴስት ፖርት የሚባለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ሙሉት፤ በትልልቅ ፊደል ነው፣ ቃላቱ በታች ሰረዝ ይያያዛሉ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ቴስቱ ፋይል ውስጥ 8529ን በቀጥታ አትጻፉ። ጌት ብላችሁ ከእዝባር የሚጀምረውን አድራሻ ብቻ ስጡት። ፍሬምወርኩ ጄኔሬት ሲያደርግ የመረጠውን ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ያስቀምጣል፣ ቴስቱም ፖርቱን ከዚያ ያነባል።

ሁለት ድረ ገጽ በአንዴ መፈተሽ እፈልጋለሁ። ቨርቹዋል ሆስት እንዴት ነው?

ቴምፕሌቱ ውስጥ ቨርቹዋል ሆስት ብላችሁ ስትከፍቱ በአድራሻና በፖርት ቦታ የራሳችሁን ስም ጻፉ፤ «ጀልባ» ለማለት የሚሆን የእንግሊዝኛ ስም ለምሳሌ። ፍሬምወርኩ ለእያንዳንዱ ስም ከዋናው ፖርት ቀጥሎ ያለ ፖርት ይመድባል፣ የሚሰማበትንም መስመር ራሱ ይጽፋል። ቴስቱ ውስጥ ያንኑ ስም ለአፓቺ ቴስት ሪክዌስት ትሰጡታላችሁ፣ ወደ ትክክለኛው ፖርት ይወስዳችኋል።

ቴምፕሌቱን ቀየርኩ፣ ሰርቨሩ ግን የድሮውን ይዞ ይነሳል።

ፍሬምወርኩ እንደገና መጻፍ እንዳለበት የሚያውቀው የፋይሎቹን ሰዓት አነጻጽሮ ነው። ቴምፕሌቱ ከመነጨው ፋይል በኋላ ከተቀመጠ እንደገና ይጽፋል። ስለዚህ ሰዓቱ የተዛባ ማሽን ላይ ይሳሳታል።

ይሄን ያየሁት ሽምብጥ አካባቢ አንድ ወዳጄ ቤት ነው። ዴስክቶፑ አሮጌ ነው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታለች። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኔት ከሌለ ደግሞ ራሱን አያስተካክልም። ጠዋት በትክክለኛ ሰዓት ጄኔሬት አደረገ። መብራት ሄዶ መጣ። ከሰዓት ቴምፕሌቱን አረመ፣ ፋይሉ ግን የድሮ ዓመት ቀን ይዞ ተቀመጠ። ፍሬምወርኩ «ቴምፕሌቱ ከኮንፊጉ ያረጀ ነው» ብሎ ምንም አልነካም። ሁለት ሰዓት ኮዱን ሲፈትሽ ቆይቶ ነው የደወለልኝ።

ሰዓቱን አስተካክላችሁ ቴምፕሌቱን እንደገና ሴቭ አድርጉት። ካልሆነ ሰረዝ ክሊን፣ ከዚያ ሰረዝ ኮንፊገር። ባትሪዋን መቀየር ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ሩት ሆኜ ሳስኬደው ፐርሚሽን (ፈቃድ) የለህም ይለኛል። ሩት ሁሉን አይችልም እንዴ?

ሩት ይችላል፣ ሰርቨሩ ግን ሩት ሆኖ አይቆይም። በሩት ስታስነሱት ፍሬምወርኩ ሰርቨሩን ኖባዲ ወደሚባል ተራ ተጠቃሚ ያወርደዋል። ፕሮጀክቱ የሩት ሆም ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ ኖባዲ እዚያ መግባት አይችልም። መፍትሄው ፐርሚሽን መክፈት አይደለም። ፕሮጀክቱን ወደ ራሳችሁ ፎልደር ውሰዱትና በራሳችሁ ስም አስኪዱት። ሱዶ አያስፈልግም።

ሰርቨሩ ጭራሽ አልነሳም። የት ልይ?

ቲ ውስጥ ሎግስ የሚል ፎልደር አለ፣ እዚያ ኤረር ሎግን ክፈቱ። የመጨረሻዎቹን አስር መስመሮች አንብቡ። ከአስሩ ጊዜ ዘጠኙ መልሱ እዚያ ነው።

ሎጉ ባዶ ከሆነ ሰርቨሩ ሎግ እስከመክፈት እንኳ አልደረሰም፣ ኮንፊጉ ላይ የሰዋስው ስህተት አለ። የአፓቺውን ፕሮግራም በሰረዝ ቲ እና በሰረዝ ኤፍ ጠርታችሁ የመነጨውን ኮንፊግ ሙሉ መንገድ ስጡት፤ የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር እንደሆነ ይነግራችኋል። መስመሩን ያገኛችሁት በመነጨው ፋይል ላይ ቢሆንም የምታርሙት ቴምፕሌቱን ነው።

በብዛት የማየው ስህተት ከድሮ ገጽ የተቀዳ መመሪያ ነው። ኦርደር እና አላው ፍሮም የሚሉት የአፓቺ 2.2 ናቸው። ከ2.4 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 ወዲህ፣ ሪኳየር ኦል ግራንትድ ነው የሚባለው። አሮጌዎቹን የሚያስኬደው ሞጁል ከሌለ ሰርቨሩ ትዕዛዙን አላውቀውም ብሎ ይቆማል።

ማሽኑ ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ፍሬምወርኩ ሰርቨሩ እስኪነሳ 60 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ተስፋ ይቆርጣል። ስታርትአፕ ታይምአውት በሚለው አማራጭ ማስረዘም ትችላላችሁ።

ሎጉን ስታነቡ ሰዓቱን ልብ በሉ። ማሽኑ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፤ 14:20 ካለ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ነው። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው የወደቀው» ብሎ 02 የሚለውን መስመር የሚፈልግ ሰው አይቻለሁ፤ መፈለግ የነበረበት 08 ነው።

ገጾቼ አማርኛ ናቸው። ኮንፊጉ ላይ የተለየ ነገር ያስፈልጋል?

አንድ መስመር። ቴምፕሌቱ ላይ አድ ዲፎልት ቻርሴት ብላችሁ ዩቲኤፍ 8 ስጡት። ያኔ ሰርቨሩ ገጹን ሲልክ የፊደሉን ኢንኮዲንግ አብሮ ይናገራል፣ ቴስቱም እሱን መፈተሽ ይችላል። አማርኛ የሚያወጣ ድረ ገጽ ሁሉ ይሄ ቴስት ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሰው ገጹን ከፍቶ በፊደል ፋንታ አራት ማዕዘንና ጥያቄ ምልክት ሲያይ በእኛ ቋንቋ የተጻፈው ነገር ሁሉ የማይረባ ይመስለዋል፣ ያ ደግሞ ያናድደኛል።

የመጠን ቴስት ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። «ባሕር ዳር» የሚለውን ቁጠሩት፦ 5 ፊደልና 1 ክፍት ቦታ፣ በዓይን 6 ነው። በባይት ግን 5 ጊዜ 3፣ 15፣ ሲደመር 1፣ 16 ነው። ሰርቨሩ ኮንቴንት ሌንግዝ ብሎ የሚልከው 16ን ነው። ቴስቱ 6 ከጠበቀ ይወድቃል፣ ጥፋቱም የሰርቨሩ አይደለም። የጀልባዋ ልጅ ቴስት በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ቅዳሜ በልቶብናል።

ጊት (ኮድ የምንጋራበትና ለውጡን የምንከታተልበት ፕሮግራም) ላይ የትኞቹን ፋይሎች ላስገባ?

በ«ኢን» የሚጨርሱትን፣ ቴስቶቹን፣ ሜክፋይል ዶት ፒኤልን፣ ኤችቲዶክስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያሉ ለቴስት የምትጠቀሙባቸውን ገጾች። የመነጩትን ኮንፊጎችና ሎጎቹን ጊት ኢግኖር ላይ ጻፏቸው። የመነጨ ኮንፊግ ውስጥ የላፕቶፓችሁ መንገድና የተጠቃሚ ስማችሁ ስላለ ለሌላው ሰው አይጠቅመውም።

በአፓቺ ፋንታ ኤንጂንኤክስ የሚባለውን ሰርቨር ነው የምጠቀመው። ይሄ ሁሉ ለእኔ ይሰራል?

አፓቺ ቴስት ለአፓቺ ነው። ለኤንጂንኤክስ ቴስት ኤንጂንኤክስ የሚባል አለ፣ እሱም ፐርል ነው። እዚያ ኮንፊጉን የምትጽፉት ለብቻው ባለ ቴምፕሌት ውስጥ ሳይሆን እዚያው ቴስቱ ፋይል ውስጥ፣ ከእያንዳንዱ ቴስት ጋር ነው። ፍሬምወርኩ ከዚያ አውጥቶ ቲ ውስጥ ሰርቭሩት በሚባል ፎልደር ሙሉውን ኮንፊግ ይጽፋል። ካልተነገረው የሚጠቀመው ፖርት 1984 ነው። ሰርቭሩት ውስጥ ገብቶ ማረም እዚህም አይሰራም፤ እንዲያውም እዚህ ቴስት በተቀየረ ቁጥር ስለሚጻፍ እርማታችሁ ቶሎ ነው የሚጠፋው።

አልፈታ ብሎኛል። ቅዳሜ ስመጣ ምን ይዤ ልምጣ?

ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ። የጻፋችሁትን ትዕዛዝ ሙሉውን፣ ከነአማራጮቹ፣ እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ። ኤክስትራ ዶት ኮንፍ ዶት ኢንን። የመነጨውን ኮንፊግ ሳትነኩት። ኤረር ሎጉን ሳታጠፉት፤ ብዙ ሰው ከመምጣቱ በፊት ሰረዝ ክሊን ብሎ ሁሉንም ጠርጎ ይመጣል፣ ያኔ የምናየው ነገር አይኖርም። ከ9 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነን።